የሁዳዴ ዕንቁላል

«በሁዳዴ ዕንቁላል የሚውጥ ጉሮሮ ከፋሲካ በኋላ ሊመነኩስ ነው አሉ! እሰይ! እሰይ!»

ቦሰና ይህን ያለችው ለማንም አልነበረም። ለምድጃዋና ለእንስራዋ ነበር ያለችው፤ ነገር ግን ምድጃው የደነቆረ ይመስል ድምጿን ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጋ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ታላቅ እህቷ ወለተሐና ምንም እንዳልሰማ ሰው ተልባዋን መውቀጧን ቀጠለች። ሙቀጫ ግን የሰው ሆድ አይደብቅምና ምቱ እየፈጠነ፣ እየጠነከረ ሄደ፤ ተልባው ልሞ ካበቃ በኋላም አልቆመም። ከሁለቱ ቤቶች ጀርባ፣ በጓሮው ጥግ ባለችው ጎጆ ውስጥ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ ዘርአ ዳዊት ደበሎውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተኝቶ ነበር። ቃሉን ሲሰማ እስከ ግንባሩ ሳበው። ዕንቁላሎቹን የወሰደው እሱ ነበር።

ዘርአ ዳዊት ልጅ አይደለም። ጢሙ የጠቆረ፣ ዜማውን ያወረደ፣ ቅኔውን የተቀኘ፣ አሁን ደግሞ በየኔታ ወልደ ሰንበት ጉባኤ የሥነ ፍጥረትን ትርጓሜ ሊፈጽም ጥቂት የቀረው ሰው ነው። ሰማይ በምን እንደጸና፣ ዓሣ በውሃ ውስጥ በምን እንደሚተነፍስ፣ እባብ እግሩን የት እንደጣለ ጠይቁት፤ መልስ አያጣም። ለዳግማይ ትንሣኤ የኔታ ያስመሰክሩታል፤ ከዚያ በኋላ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ባለ አገር የፍጥረትን ነገር የሚጠየቀው እሱ ይሆናል። ቢያንስ እሱ እንዲያ ያስብ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ከደበሎ ውስጥ አንገቱን እንዲያወጣ አልረዳውም።

የዕንቁላሉ ነገር እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሰው ይጾማል፤ ዶሮ ግን ሁዳዴ መግባቱን የሚነግራት ስለሌለ ስትጥል ትከርማለች። የቦሰና ዶሮ እያከታተለች ጣለች፤ የወለተሐና ዶሮ ደግሞ ጭር ብላ የምትታቀፈው አጥታ ጓዳ ለጓዳ ላባዋን ነፍታ ትዞር ነበር። ዕንቁላል ከቦሰና፣ ማቀፍ ከወለተሐና፣ ጫጩት እኩል ለእኩል ሆነና ተዋዋሉ። ውሉን እህትማማቾቹ ተቀምጠው የተዋዋሉት እንዳይመስላችሁ። ወለተሐና በጥምቀት ሰሞን «ባሌን ቄሱን ቀብሬያለሁ፣ የሚያስቀረኝ ልጅ የለኝም፤ ከፋሲካ በኋላ ቆላ ወርጄ ከገዳም እገባለሁ» ካለች ወዲህ ቦሰና በቀጥታ አናግራት አታውቅም። «ዘርአ ዳዊት፣ እስቲ ለዚያች ሰው ንገራት» ነው የምትለው። ያቺ ሰው እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ትሰማለች። ዘርአ ዳዊት ግን የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ይደግማል፤ ካልደገመ ሁለቱም ይቆጡታል።

ትናንት ማታ ዶሮዋ ፈለፈለች። አሥራ ሁለት ዕንቁላል ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት አወጣች። ቦሰናን ያስቆጣት ጉድለቱ አይደለም። የንጉሡ ግቢ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ የአንኮበር ገበያ ቀዝቅዞ፣ ጮማ የለመደው ወታደርም አብሮ ሄዶ፣ ዶሮ በአሞሌ ጨው ስባሪ የሚወስድ እንኳ ጠፍቷል፤ ለሦስት ጫጩት ማንም አያብድም። ዕንቁላልም ይገማል፣ የታወቀ ነው። የገማው ግን የታለ? ቅርፊቱስ የታለ? ቦሰና ጭዱን በእጇ በረበረች፣ ዶሮዋን አንስታ ከሥሯ አየች፣ ዶሮዋም ነከሰቻት። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ ወደ እህቷ ሳይሆን ወደ ጣሪያው አየችና፣ ዛሬ ለምድጃዋ የነገረችውን ነገር ያኔ አሰበችው።

ጥፋቱ የተጀመረው በጉባኤ ነው። የኔታ የፍጥረትን ነገር እየተረጎሙ ከዕንቁላል ደርሰው ነበር። ቅርፊቱ የመሬት ነው፤ ነጩ የውሃ፣ አስኳሉ የእሳት፣ በአናቱ በኩል ያለው ባዶ ቦታ የነፋስ ነው፤ ከእነዚህ ከአራቱ ባሕርያት ጫጩት ይፈጠራል፤ አስቀድሞም ራስ ይፈጠራል፣ ራስ የአካል ሁሉ ንጉሥ ነውና፤ አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ወጥተው ቆሏቸውን ሲቆረጥሙ ዘርአ ዳዊት አላስችል አለው። «ንጉሥ ያለ ገበሬ ማን ሊቀልበው አስቀድሞ ይፈጠራል? የሚቀድመው ልብ ነው» አለ። ከጎኑ የሚቀመጠው የመንዝ ሰው ኃይለ ገብርኤል ቆሎው ትን እስኪለው ሳቀ። «የኔታን ልታርማቸው ነው? አየኸው እንዴ ሲፈጠር?» ሌሎቹም አብረው ሳቁ። በሰው ፊት የተሳቀበት ሊቅ ደግሞ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም።

የመጀመሪያውን ዕንቁላል ዶሮዋ በታቀፈች ማግስት ሰበረው፤ ከዕንቁላል በቀር ያየው ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን ጥቂት ቀን ጠብቆ፣ ወለተሐና ኪዳን ልታደርስ ስትሄድ፣ በገበቴ ላይ ሰበረ። ከአስኳሉ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸው የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ትመታለች። ራስ የለም። እግር የለም። ገና ወፍ ይሁን እንሽላሊት የማይለይ ውሃ ውስጥ፣ ያቺ ነጥብ ብቻዋን ትመታለች። ዘርአ ዳዊት እጁን ከደረቱ ላይ አደረገ፤ የእሱም ትመታለች። ከደስታ የተነሣ ኃይለ ገብርኤልን ሊጠራው በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ ነጥቧ እየዘገየች ነበር፤ ጥቂት ቆይታም ቆመች። ያኔ ምን እንዳደረገ ገባውና ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አለቀሰ እንጂ አልተወም፤ ከቀናት በኋላ ሦስተኛውን ሰበረ። ያኛው ትልልቅ ዐይን አውጥቶ ነበር፤ አየው፤ እሱም ያየው መሰለው። ከዚያ ወዲያ እጁ አልታዘዝ አለው። ሦስቱንም ከጓሮ ከግራዋው ሥር ቆፍሮ ቀበራቸው።

እንግዲህ ይህን ለማን ይነግራል? የኔታ አምና አንዱን ደቀ መዝሙር በፍልሰታ አይብ ቀመሰ ብለው በሰባ ዓመታቸው በትራቸውን አንሥተው እስከ ገደሉ አፋፍ አባረውታል። በሁዳዴ ዕንቁላል የሰበረ ሰው «አልበላሁም፣ አየሁ ብቻ» ቢል ማን ያምነዋል? ዕንቁላልን ሊያየው ብሎ የሚሰብር ማን አለ? በአንድ ቃል የስንት ዓመት ትምህርቱ ገደል ይገባል። ዝም ካለ ደግሞ ወለተሐና፣ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ከቄሱ ትራፊ ሳይሆን ከራሷ ድርሻ እየቆረሰች ያሳደገችው እቴቴ፣ በስተርጅናዋ ዕንቁላል ሰርቃ በላች ትባላለች። ገዳሙ ደግሞ ያለ ነፍስ አባት ምስክርነት አይቀበልም፤ የነፍስ አባቷም እኒያው የኔታ ናቸው።

ይህን ሲያብሰለስል ወለተሐና የተልባውን ቅል ይዛ ገባች። አስቀመጠችለት፤ ጎጆዋን ዞር ዞር ብላ አየች፤ የተጣመመውን መደብ፣ ከግድግዳው የተንጠለጠለውን የዳዊት ማኅደር፣ ከጥግ የተደፋውን ገበቴ አየች። ገበቴውን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ዶሮዪቱ ከግራዋው ሥር ስትጭር አግኝቼ አባረርኳት» አለች። «አመድ ደፋሁበት።»

«እቴቴ...»

«ተልባህን ጠጣ፤ ይበርዳል።»

ተልባ ሲጀመርም ቀዝቃዛ ነው። ዘርአ ዳዊት ግን ጠጣው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ የሚባለው ለሷ ለራሷ ነበር፤ የወለተሐና ዶሮ ግን ካራውን ያወጣችው ለዘርአ ዳዊት ነው። አክስቱ ምን ያህል እንዳወቀች ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት ቦሰና ከውጭ ነጠላዋን እያራገፈች መጣች።

«ዘርአ ዳዊት፣ ለዚያች ሰው ነጠላዋን ታምጣ በላት። ከየኔታ ዘንድ ነው የምንሄደው። እንካሰሳለን።»

በዚያን ዘመን የተካሰሱ ሰዎች ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ አንዱ ሳይሸሽ፣ ሌላው ሳይቀድም፣ ከዳኛ ፊት አብረው ይሄዱ ነበር። ወለተሐና የነጠላዋን ጫፍ ሰጠቻት። ቦሰና ቋጠረችው፤ ላልቶባት ፈታችና እንደገና ቋጠረችው። ከጥምቀት ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው ቆመው አያውቁም። ዘርአ ዳዊት መካከላቸው ገብቶ መሄድ ስላልቻለ ከኋላ ተከተለ፤ በዚያ ጉም ውስጥ ከኋላ ለሚያያቸው ሁለቱ አሮጊቶች ተደጋግፈው ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

የአንኮበር መንገድ ወደየትም ብትሄድ ዳገት ነው። ገና ግማሹን ሳይወጡ ወለተሐና ማቃሰት ጀመረች።

«ዘርአ ዳዊት፣ ለእህቴ ቀስ ትበል በላት። ጉልበቴ ነው።»

«እትዬ ቦሰና፣ እቴቴ ጉልበቷን አሟታል፤ ቀስ በይ ትልሻለች።»

«ዕንቁላል ለጉልበት መድኃኒት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አልሠራላትም ወይ በላት።» እንዲህ አለች እንጂ እርምጃዋን ቀነሰች፤ ጥቂት ሄዳም ጫማዋ ውስጥ ጠጠር እንደገባ ሰው ቆመች። ጫማ አልነበራትም። ወለተሐና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቦሰና እግሯን እያየች ቆየች።

ከመታጠፊያው ላይ ከአልዩ አምባ ገበያ በርበሬ አሸክማ የምትመለሰውን ጎረቤታቸውን አመተ ማርያምን አገኟት። አመተ ማርያም ሰላምታዋን አስረዝማ፣ የጤናቸውን፣ የከብቱን፣ የጫጩቶቹን እየጠየቀች ዐይኗን ከቋጠሮው አልነቀለችም። በርበሬ እንደ ተወደደ፣ ጨው ግን እንደ ረከሰ፣ የአዳል ነጋዴዎች ግመላቸውን ይዘው እንጦጦ ድረስ መውጣት እንደ ጀመሩ አወራች። በመጨረሻ አላስችል አላትና «ደግሞ እናንተን ምን አካሰሳችሁ?» አለች። ዘርአ ዳዊት ምድር ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ይህን ያህል ርቀት በቁጣ የመጣችው ቦሰና አሁን ሁሉን ዘርግፋ እንደምትነግራት፣ ከምሳ በፊትም አገሩ ሁሉ እንደሚሰማው አልተጠራጠረም። ቦሰና ግን ቋጠሮውን በእጇ ሸፈነችና «ነፋሱ እንዳይወስዳት ነው» አለች። ከዚያ እህቷን እየጎተተች አለፈች። አመተ ማርያም ንፋስ የሌለበትን ጉም ዞር ብላ አየችና በርበሬዋን አስከትላ ወረደች።

የኔታ ወልደ ሰንበት ከኮሶው ዛፍ ሥር፣ በአጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዐይናቸውን ካለፈው መስከረም ወዲህ ሞራ ፈጽሞ ጋርዶታል፤ መጽሐፉን ኃይለ ገብርኤል ያነባል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። ሰው ሲመጣ በአረማመዱ ያውቁታል። «የወለተሐና ጉልበት መጣ» አሉ ገና ከሩቁ። «አብሮት የቦሰና ቁጣ አለ። ዘርአ ዳዊትም አለ፤ ዛሬ ግን እግሩን እየጎተተ ነው። ምን ሆናችሁ?»

ቦሰና ተናገረች። ስትናገር ከአጥሩ ላይ እንደ ነበረው አልሆነላትም፤ በየመካከሉ ትሰናከላለች፤ «በላች» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። ደቀ መዛሙርቱ ቆሏቸውን መቆርጠም አቆሙ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙና ፈገግ አሉ፤ በቀኝ እጃቸውም አጎዛውን መታ መታ አደረጉ።

«ይህ ከኛ ትምህርት የወጣ ነገር አይደለም። እዚህ ውስጥ ከዕንቁላል ጋር ተጣልቶ የከረመ አንድ ሰው ነው። ዘርአ ዳዊት፣ ስለ ዕንቁላል ስትጠይቀኝ አሰልችተኸኛል። ና፣ እዚህ ተቀመጥ፤ ዳኛ ነህ። ዕንቁላሎቹ የት ሄዱ?»

ዘርአ ዳዊት ተቀመጠ። ሁለቱ አክስቶቹ ከፊቱ ቆሙ። ወለተሐና ወደ እሱ አላየችም፤ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። አፉን ሲከፍት እውነቱ ይወጣል ብሎ ራሱም ፈራ፤ የወጣው ግን ትምህርቱ ነበር።

«ሸለምጥማጥ ነው፣ የኔታ» አለ። «ሸለምጥማጥ በባሕርዩ ዕንቁላል ይወዳል። ገላው ረዥም፣ እግሩ አጭር ነው፤ ጠባብ ቀዳዳ ያሾልከዋል። ሰውነቱ የእሳት ባሕርይ የበዛበት ስለሆነ ደግሞ...» እያለ ቀጠለ። የሸለምጥማጥን ጅራት፣ የሸለምጥማጥን ጥርስ፣ ሸለምጥማጥ በማን ምክንያት እንደተፈጠረ ሁሉ ተረጎመ። በቃሉ ብዛት መካከል ተደብቆ ሊያመልጥ ነበር።

የኔታ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ይህ ሸለምጥማጥ» አሉ፣ «ዶሮዋን አልነካም። ዘጠኙን ትቶ ሦስቱን ወሰደ። ቅርፊቱንም አልጣለም። በእውነት ጾመኛ ሸለምጥማጥ ነው፤ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ ይሻላል።»

ጉባኤው በሳቅ ተነቃነቀ። ኃይለ ገብርኤልም ሳቀ። ቦሰና አልሳቀችም።

«እንግዲያው ትማልልኝ» አለች። «ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆማ ትማል። ከማለች እኔ ከእግሯ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ሌባሻይ ይምጣና ከማን ደጅ እንደሚወድቅ እናያለን።»

ሌባሻይ ሲባል ሳቁ ቆመ። መድኃኒት አጠጥተው፣ በወገቡ ገመድ አስረው የሚለቁትን፣ እያጓራ ከቤት ቤት ዞሮ ከሌባው ደጃፍ ላይ የሚዘረረውን ሰው ሁሉም አይቶታል። ወለተሐና ብትምል እውነት ነው የምትምለው፤ ስሟም ይነጻ ነበር። ከመሐላዋ በኋላ ግን ገመዱ ወደ ዘርአ ዳዊት ጎጆ እንደሚሄድ አወቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የወንድሟን ልጅ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«መሐላም፣ ሌባሻይም አያስፈልግም» አለች። «እኔ ነኝ፣ አባቴ። በልቻለሁ።»

ከኮሶው ቅጠል የጉሙ ጠብታ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ቀድሞ የጮኸ ሰው ቢኖር ከሳሿ ቦሰና ናት።

«ውሸቷን ነው!» አለች። «ውሸት! እሷ በሁዳዴ ዕንቁላል? ቄሱ የሞቱ ዕለት እንኳ ጾም ነው ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልቀመሰች ሴት? አትመኗት የኔታ፤ ዐይኗን በጨው አጥባ ነው የምትዋሽዎት!»

«እንዴ!» አሉ የኔታ። «በላች ብለሽ ይህን ዳገት ጎትተሽ ያመጣሻት አንቺ አይደለሽም?»

«እኔማ እንዳትሄድብኝ ነዋ!» ቦሰና እንባዋ መጣ። «ዕንቁላል በላች ከተባለ ገዳሙ አይቀበላትም ብዬ ነዋ! ቤቱ ሁሉ ሰው አልባ ሆነ። ወንድማችን ሞተ፣ ቄሱ ሞቱ፣ ይሄም ነገ ሊቅ ሆኖ ይሄዳል። እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ልኮራረፍ?» ይህን ስትል ከጥምቀት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ እህቷ ዞረች። «እትዬ፣ በምትመኚው ቆብ አምላክ፣ አልበላሁም በይ!»

«በልቻለሁ» አለች ወለተሐና ደግማ። ይህን ካለች ለዘርአ ዳዊት መዳኛው ተሠራለት፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለዳግማይ ትንሣኤ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ኃይለ ገብርኤል በመገረም እያየው ነው። ዝም ሊል ፈለገ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ልቡ ግን በደረቱ ውስጥ እንዲያ ስትመታ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሲናገር የወጣው ቃል ኑዛዜ አይመስልም።

«የሚቀድመው ልብ ነው፣ የኔታ።»

«ምን?»

«ራስ አይደለም፤ ልብ ነው የሚቀድመው። አይቼዋለሁ። ዕንቁላሎቹን የሰበርኋቸው እኔ ነኝ። አልበላኋቸውም፤ ልየው ብዬ ነው። ከግራዋው ሥር ቀብሬአቸዋለሁ። እቴቴ አልበላችም፤ እኔን ልትሸፍን ነው።» ከዚያ ከዳኛው ቦታ ተነሥቶ ከየኔታ እግር ሥር ወደቀ።

የኔታ በትሩን የሚፈልጉ ይመስል በእጃቸው አጎዛውን ዳሰሱ። በትሩ አጠገባቸው ነበር፤ አላነሡትም።

«ነጠላውን ፍቱ» አሉ መጀመሪያ። ሴቶቹ ፈቱት። «ቦሰና፣ እህትሽን በማታውቂው ነገር ከሰሻታል፤ እስከ ሆሳዕና በየቀኑ ስገጂ፤ ቁጥሩን ጉልበትሽ ይወቅ። ወለተሐና፣ አንቺ ደግሞ ከነፍስ አባትሽ ፊት ቆመሽ ዋሽተሻል። ለጽድቅ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የዋሸ ሰው በዚህ ፋሲካ ቆብ አይደፋም። ለከርሞ እናያለን።» ወለተሐና አንገቷን ደፋች። ቦሰና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ከሥሩ ምን እንደነበር የኔታ ማየት ባይችሉም የሰሙ ይመስላል፤ «አትሳቂ» አሏት።

ወደ ዘርአ ዳዊት ሲመለሱ ድምፃቸው ጨዋታውን ተወ። «አንተ ከጉባኤዬ ውጣ። ዕንቁላል ስለሰበርህ አይደለም፤ ያንን ንስሐ ይደመስሰዋል። እናትህ የሆነች ሴት በሰው ፊት እሳት ስትበላ፣ አንተ ተቀምጠህ የሸለምጥማጥን ጅራት ስለተረጎምህልን ነው። እስከ ከርሞ ሁዳዴ ድረስ ከዚህ ዛፍ ሥር እንዳላገኝህ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት ካለሁ ትመጣለህ።»

ከርሞ ሁዳዴ! ሰባ ዓመት ላለፈው ሰው ዓመት ረዥም ነው፤ የሚያስመሰክረው ሌላ መምህርም በአንኮበር የለም። ዘርአ ዳዊት መሬቱን ሳመና ተነሣ። ሊሄድ ሲል የኔታ ጠሩት፤ ጎንበስ አለላቸው። በጆሮው ብቻ እንዲሰማ፣ እንደ ልጅ ባለ ድምፅ፣ «ይመታ ነበር?» አሉት።

«ይመታ ነበር፣ የኔታ። ብቻውን።»

«ብቻውን!» አሉ የኔታ። «በል ሂድ።»

ወጡ። ዘርአ ዳዊት መካከል ነበር፤ አክስቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውት ነበር። ከጉባኤው አጥር በር ሲደርሱ ከኋላቸው ትምህርቱ ቀጠለ። ኃይለ ገብርኤል ንባቡን አነበበ፤ የኔታ ለአርባ ዓመት ባሉበት ድምፅ «አስቀድሞ ራስ ይፈጠራል» አሉ፤ ጉባኤው ተቀበላቸው። ዘርአ ዳዊት ራሱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ። የኔታ ግን አልጨረሱም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድም፣ አስቀድሞ ልብ ይፈጠራል።»

ጉባኤው አልተቀበላቸውም። በትርጓሜ ቤት «አንድም» ተብሎ የገባ ቃል አይወጣም፤ ማን እንዳመጣው አይነገርም፤ ደቀ መዝሙር ከደቀ መዝሙር እየተቀባበለ መምህሩም ከሞተ በኋላ ሲባል ይኖራል። «ምነው? በሉ እንጂ!» አሉ የኔታ። ከሁሉም ቀድሞ መድገም ያለበት አንባቢው ነው። ኃይለ ገብርኤል፣ ሆምጣጤ የጠጣ በሚመስል ድምፅ፣ ቃሉን እየቆረጠ፣ «አንድም... አስቀድሞ... ልብ ይፈጠራል» አለ።

ዘርአ ዳዊት ከበሩ ላይ መሄድ አቃተው። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከፊቱ አይታወቅም ነበር። ቦሰና ፈርታ «እትዬ፣ ምን ሆነ? ደግሞ ምን አሉት?» አለች።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች ወለተሐና፤ ክንዱን ይዛ ወደ ቁልቁለቱ መለሰችው። «ና እንሂድ ልጄ። ጫጩቶቹ ጥሬ አልተበተነላቸውም።»